ጎተራውና መንደሩ፦ ስለ ጋራ የበይነ መረብ ዕውቀት ማከማቻ ከባሕር ዳር የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከጣና ዳርቻ ብዙም በማይርቅ አንድ አዳራሽ ተሰብስበን ነበር። የተነጋገርነውም ለሁሉም ክፍት የሆነ የበይነ መረብ የዕውቀት ማከማቻ እንዴት እንደሚገነባና በዙሪያው የሚሰባሰቡ ሰዎች ሳይነቋቆሩ እንዴት አብረው ሊሠሩ እንደሚችሉ ነበር። ከመጡት መካከል መምህራን፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች፣ ሁለት ዓሣ አስጋሪዎችና ከዘጌ የመጡ አንድ መሪጌታ ይገኙበታል። ጥያቄው በብጣሽ ወረቀት እየተጻፈ ይሰበሰብ ስለነበር፣ ሲመሽ ያልተመለሰው ከተመለሰው በልጦ ተገኘ። ይህን ሥራ ከጥቂት ባልደረቦቼ ጋር ስለጀመርሁት መልስ የመስጠቱ ዕዳ የወደቀው በእኔ ላይ ነው፤ በቃል የመለስሁትንም ሳልመልሰው የቀረሁትንም እዚህ በጽሑፍ አኑሬዋለሁ። ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ፤ የጠያቂዎቹን ስም ግን ሆን ብዬ ትቼዋለሁ።

ጥያቄ (ከአንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር)፦ ዊኪፔዲያ እያለ ሌላ ማከማቻ መሥራት ድካም አይሆንም? ያለውን ብንሞላው አይሻልም ወይ?

መልስ፦ እኔም አስቀድሜ ራሴን የጠየቅሁት ይህንኑ ነው። የዊኪፔዲያን አነሣሥ ብናስታውስ ለመልሱ ይረዳናል። ጂሚ ዌልስና ላሪ ሳንገር እ.ኤ.አ. በጥር 2001 ሲጀምሩት ለሌላ ሥራ አጋዥ እንዲሆን አስበው ነበር። ዋናው ሥራቸው ኑፔዲያ የሚባል፣ እያንዳንዱ ጽሑፍ በባለሙያዎች ሰባት ደረጃ እየተመረመረ የሚወጣበት መዝገበ ዕውቀት ነበር፤ ምርመራው ከመጥበቁ የተነሣ በመጀመሪያው ዓመት ያለቁት ጽሑፎች ሃያ ገደማ ብቻ ናቸው። ማንም ሰው ገብቶ እንዲያርመው የተተወው አጋዥ ግን ዋናውን ጥሎት ሄደ። ከዚህ የምወስደው ትምህርት በር ላይ ከመፈተሽ ይልቅ ከገባ በኋላ ማረም እንደሚያዋጣ ነው።

የአማርኛው ዊኪፔዲያ 15 ሺህ ገደማ ጽሑፎች ሲኖሩት እንግሊዝኛው ከ6 ሚሊዮን በላይ አለው። ስለዚህ ያለውን እንሙላ ማለትዎ ትክክል ነው፤ ከእኛ መካከል መጻፍ የሚችል ሁሉ እዚያም እንዲጽፍ እንመክራለን። ይሁን እንጂ ዊኪፔዲያ የሚቀበለው ቀድሞ በታመነ ኅትመት የወጣውን ነገር ነው። ይህ ሕግ ለእሱ የግድ ነው፤ እኛ ዘንድ ሲመጣ ግን ብዙውን ዕውቀት ከደጅ ያስቀራል። የጣናን ነጭ ዓሣ እንውሰድ። ተመራማሪዎች በሐይቁ ውስጥ ከሌላ ቦታ የማይገኙ 15 ያህል የነጭ ዓሣ ዝርያዎችን ለይተዋል፤ ከእነዚህም በርካቶቹ በክረምት እንደ ርብና ጉማራ ወዳሉት ገባር ወንዞች ወጥተው እንደሚራቡ ጽፈዋል። ዓሣው በየትኛው ሳምንት ወደ ወንዙ አፍ እንደሚጠጋና ውኃው ምን ዓይነት መልክ ሲይዝ እንደሚነሣ ግን አስጋሪው ያውቀዋል፤ የአስጋሪው ዕውቀት በመጽሔት አልወጣም። የእኛ ማከማቻ የሚጨምረው ይህን ነው፤ የቃል ምስክርነትን ከነድምፁ፣ ከነቀኑና ከነተናጋሪው ፈቃድ እንደ ምንጭ ይቀበላል። ከታተመው ምንጭ ጋር ጎን ለጎን ይቀመጣል እንጂ አንዱ የሌላውን ልብስ አይለብስም።

ጥያቄ፦ ዕውቀት ማከማቸት አንድ ነገር ነው፤ ማኅበራዊ ትስስር ደግሞ ሌላ ነው። ለምን ታደባልቋቸዋላችሁ?

መልስ፦ መጀመሪያ ለያይተን ሞክረን ስለከሸፈብን ነው። ጽሑፎቹን በአንድ ቦታ አስቀመጥንና ለመነጋገሪያ ደግሞ በስልክ አንድ የመልእክት ቡድን ከፈትን። በሦስት ሳምንት ውስጥ ቡድኑ ወደ ሦስት መቶ ሰው ደረሰና ደስ አለን። በአራተኛው ሳምንት አንድ ሰው የአንድን የጥንት ደራሲ የትውልድ ቦታ ጠቅሶ ጻፈ፤ ሌላው "ከየት አመጣኸው?" አለው፤ ሦስተኛው የጠያቂውን ዘር ጠየቀ። በዚያች ሌሊት ከአራት መቶ በላይ መልእክት ተጻፈ፤ በማግስቱ ጠዋት ጽሑፉን ከፍቼ ባየው አንዲት ፊደል እንኳ አልተነካችም። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ሰዎቹን ያገናኘኋቸው እርስ በርሳቸው ፊት ለፊት አፋጥጬ እንጂ በሥራው ዙሪያ አይደለምና።

አሁን የምንከተለው አሠራር ተገላቢጦሽ ነው። ከአንድ ጽሑፍ ወይም ከአንድ የድምፅ ቅጂ ውጭ ለብቻው የሚቆም የመነጋገሪያ መድረክ የለንም። ማንኛውም ንግግር የአንድ ዓረፍተ ነገር፣ የአንድ ፎቶ ወይም የአንድ ቁጥር ጥገኛ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ ሲስተካከል ንግግሩ ታጥፎ ወደ ታሪክ መዝገቡ ይገባል። ሰዎችም የሚሰባሰቡት በአነስተኛ ማኅበር ነው፤ አንዱ ስለ ዓሣ፣ አንዱ ስለ ዘጌ ቡና፣ አንዱ ስለ ቅኔ። ማኅበሩ ከመቶ ሃምሳ ሰው ሲያልፍ ለሁለት ይከፈላል። ልኩን የወሰድነው ከእድር ነው፤ እድርተኛው ማን እንደቀረ ሳይቆጠር የሚያውቀው ብዛቱ ልክ እስካለው ድረስ ነው።

ጥያቄ፦ ላይክ ይኖረዋል?

መልስ፦ አይኖረውም። የተከታይ ብዛትም አይታይም።

ጥያቄ (ያው ጠያቂ፣ በሌላ ወረቀት)፦ ለምን? ሰው ምስጋና ካላየ ይደክመዋል እኮ።

መልስ፦ ልክ ነዎት፤ ከላይ ያለው መልሴ አጥሮብኛል። ፌስቡክ የላይክ ቁልፍን፣ ትዊተር ደግሞ የሌላውን ጽሑፍ በአንድ ንክኪ የማስተላለፊያውን ቁልፍ ያወጡት በአንድ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ነበር። ሁለቱም ትንንሽ ቁልፎች ናቸው፤ ነገር ግን የሚቆጠረው ነገር የሚጻፈውን ነገር እንደሚመራ አሳይተዋል። ቁጣ ከምስጋና ይልቅ ፈጥኖ ያስነካካል፤ ስለዚህ ንክኪ የሚቆጥር ሥርዓት ሳያስበው ቁጣን ይመግባል። እኛ የምንቆጥረው ሌላ ነገር ነው። ያረሙት ዓረፍተ ነገር ስድስት ወር ሳይነካ ከቆየ፣ ወይም የቀዱት ድምፅ ለሌላ ጽሑፍ ምንጭ ሆኖ ከተጠቀሰ፣ ወሬው ለእርስዎ ለብቻዎ ይደርስዎታል። "በጥር ወር የቀዱት ቃለ ምልልስ በአራት ጽሑፎች ተጠቅሷል" የሚል አንድ መስመር ነው። የሌላ ሰው ቁጥር ከእርስዎ ቁጥር አጠገብ አይቆምም። ይህ ዝግተኛ ምስጋና መሆኑን አልክድም፤ ቸኩሎ የሚመጣውንና ቸኩሎ የሚሄደውን ሰው እናጣለን፤ እሱን ማጣቱን ግን መርጠን ነው።

ጥያቄ (ከመሪጌታው)፦ ሁለት ሊቃውንት በአንድ ነገር ሲለያዩ የማንን ትጽፋላችሁ? ዳኛውስ ማን ነው?

መልስ፦ መሪጌታ፣ በዕለቱ በቃል ስመልስልዎ አሳጥሬዋለሁ፤ አሁን ሰፋ ላድርገው፤ ምክንያቱም የሥራው ሁሉ ወገብ ይህ ነው። እርስዎ በሚያስተምሩበት የአንድምታ ባህል መምህሩ አንዱን ንባብ ተርጉሞ ሲያበቃ "አንድም" ብሎ ሁለተኛውን ያመጣል፣ "አንድም" ብሎ ሦስተኛውን። ቀዳሚው በተከታዩ አይሻርም፤ ተማሪውም ሁሉንም ይዞ ይሄዳል። ብዙ ትርጓሜ ተሸክሞ ሳይሰበር የሚሄድ የአጻጻፍ ሥርዓት ለመፍጠር ዛሬ በዓለም ላይ ብዙ ገንዘብ ይፈስሳል፤ እኛ ዘንድ በቃል ሲነገር ኖሯል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ጽሑፍ ውስጥ "አንድም" የሚል ክፍል አለ። በአንድ ቦታ ስም አመጣጥ ላይ ሁለት ትውፊት ካለ፣ ሁለቱም ከነተናጋሪያቸው ይሰፍራሉ።

ነገር ግን ሁሉም ነገር በአንድም አያልቅም፤ እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጣና ባሕር ዳር አጠገብ ነው ወይስ አይደለም የሚለው አንድም የለውም። በመካከል ደግሞ ጠብ የሚመስሉ፣ ሲመረመሩ ግን ጠብ ያልሆኑ ነገሮች አሉ። የደሴቶቹ ቁጥር ጥሩ ምሳሌ ነው። በተለምዶ 37 ይባላል፤ አንድ ወጣት "እኔ በፎቶ ቆጥሬ ሌላ ቁጥር አግኝቻለሁ" ብሎ ለውጦት ነበር፤ ሌላው መለሰው፤ የመጀመሪያው እንደገና ለወጠው። የሐይቁ ውኃ በክረምትና በበጋ ከፍና ዝቅ ስለሚል አንዳንዱ መሬት አንድ ጊዜ ደሴት፣ ሌላ ጊዜ የሐይቁ ዳርቻ ሜዳ እንደሚሆን የነገረን ሦስተኛው ሰው ነው። አሁን ጽሑፉ ቁጥሩን ከነወቅቱ ይጽፈዋል፤ የተከራከሩትም ሁለቱም ልክ ነበሩ።

ስለ ዳኝነት ከጠየቁኝ፣ አንድ ሰው ዳኛ ሆኖ አይቀመጥም። ትዊተር እ.ኤ.አ. በጥር 2021 በርድዋች በሚል ስም የጀመረውና በኋላ ኮሚዩኒቲ ኖትስ የተባለው አሠራር አንድ ብልሃት አለው፦ በአንድ ጽሑፍ ላይ የሚሰጥ ማብራሪያ ለሁሉም የሚታየው ብዙ ሰው ስለደገፈው አይደለም፤ ከዚህ ቀደም በሌላ ነገር የማይስማሙ ሰዎች በዚህ ሲስማሙ ነው። ይህ ሁለቱም ወገን የሚያምነውን ሽማግሌ ከመፈለግ አይለይም። አብላጫ ድምፅ ቢዳኝ ኖሮ ትልቁ ማኅበር ሁልጊዜ ይረታ ነበር። እኛም ለማይበርድ ክርክር የምንጠቀምበት ይህን ነው፤ ማሽን ስላልገዛን ግን በእጃችን እናሰላዋለን፤ አሰልቺ ሥራ ነው።

ጥያቄ (ከኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ)፦ በአማርኛ ፍለጋ ለምን ያስቸግራል? እኔ "ዓሣ" ብዬ ስፈልግ ግማሹ ብቻ ይመጣል።

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ወደድሁት፤ ጎተራ ሞልቶ እህል የማይወጣው መክፈቻው ሲጠፋ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የዩኒኮድ 3.0 ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ውስጥ ከገባ ወዲህ በየትኛውም መሣሪያ ላይ ይጻፋል፤ ነገር ግን ለማሽኑ ሀ፣ ሐ እና ኀ ሦስት የተለያዩ ፊደላት ናቸው፤ ለአንባቢያችን ጆሮ ግን አንድ ድምፅ ናቸው። "ዓሣ" የሚለውን ቃል ውሰድ። የመጀመሪያው ፊደል አ፣ ኣ፣ ዐ ወይም ዓ ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛው ሳ ወይም ሣ ነው። አራት በሁለት ሲባዛ ስምንት አጻጻፍ ይወጣል፤ በእኛ ማከማቻ ውስጥ ስምንቱንም አግኝተናቸዋል። "ፀሐይ" ደግሞ በሁለቱ ጸ እና በስድስቱ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ሲቆጠር አሥራ ሁለት ነው።

መፍትሔው ለአጻጻፍ ሕግ አውጥቶ ሰውን መገሠጽ አይደለም፤ ያንን ብናደርግ ጸሐፊዎቻችን በሁለት ቀን ይበተናሉ። ማሽኑ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ድብቅ ቅጂ ይሠራል፤ በዚያ ቅጂ ውስጥ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደላት ወደ አንድ ይጠቀለላሉ፤ ለአንባቢ የሚታየው ግን ጸሐፊው እንደጻፈው ነው። ይህን አድርገን ጨረስን ባልን ማግስት አንድ የቅኔ ተማሪ ደወለልኝና "ሰአለ ብዬ ስፈልግ ሠዐለ መጣብኝ" አለ። በግእዙ አንዱ ለመነ፣ ሌላው ሥዕል ሣለ ማለት ነው። ስለዚህ "በትክክለኛ ፊደሉ ብቻ ፈልግ" የሚል ሁለተኛ ምርጫ ጨመርን፤ የግእዝ ጽሑፎች ሁሉ የሚከፈቱት በዚያ ምርጫ ነው።

ከፊደል ቀጥሎ ያስቸገረን ዓመት ነው። ጣና በዩኔስኮ ተፈጥሮው የሚጠበቅበት የሕይወታዊ (ባዮስፌር) ክልል ሆኖ የተመዘገበው በ2007 ነው የሚልና በ2015 ነው የሚል ሁለት ሰው ተጣልተው ነበር። አንዱ በእኛ፣ ሌላው በፈረንጅ አቆጣጠር ጽፈው ኖሯል። አሁን ዓመት የሚጻፍበት ሳጥን የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ሳይመረጥ አይቀበልም። ሰዓትም እንዲሁ ነው።

ጥያቄ (ከአንዲት ተማሪ)፦ አያቴ ማንበብና መጻፍ አይችልም፤ ታንኳ ግን ይሠራል። የእሱ ዕውቀት እንዴት ይገባል?

መልስ፦ እህቴ፣ በዚህ ላይ ያስተማረን እንደ አያትሽ ያለ አንድ አዛውንት ነው። ስለ ታንኳ አሠራር አንድ ገጽ ጽሑፍ አዘጋጅተን፣ ጥሩ ጽፈናል ብለን፣ ወደ ሐይቁ ዳር ይዘን ሄድን። አዛውንቱ ዕቃቸውን ሳያስቀምጡ ቆመው አዳመጡ፤ የልጅ ልጃቸው ታነብላቸው ነበር። ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር "ደንገሉ ታጭዶ ይታሰራል" የሚል ነበር። "እዚያ ላይ ቁሚ" አሏት። ከተቆለለው ደንገል አንድ ዘንግ መዘዙ፣ በአውራ ጣታቸው ተጫኑት፤ ዘንጉ ጎድጎድ ብሎ ቀረና ጣታቸው ረጠበ። ሌላ ከወዲያ ማዶ ከተሰጣው አነሡና ተጫኑት፤ ይህኛው ቀለል ብሎ ተንኮሻኮሸና ተመለሰ። "ልጄ፣ ይኼኛውን አስረህ ወደ ባሕር ብትገባ አብረኸው ትወርዳለህ" አሉኝ ርጥቡን እየሰጡኝ። በአንድ ገጽ ውስጥ ያልነበረው የማድረቅ ሥራ ለእሳቸው ዋናው ነገር ነበር፤ እኛ የገለበጥነውን ጽሑፍ የጻፈው ሰው ታንኳ ሲሠራ አይቶ አያውቅም ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ያለቀ ታንኳም ቢሆን ከውኃ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ካልዋለ ውኃ እየጠጣ እንደሚከብድና ዕድሜው አጭር እንደሆነ ነገሩን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ሕግ አለን። የእጅ ሥራን የሚመለከት ማንኛውም ጽሑፍ ሥራውን ለሚሠራ ሰው ጮክ ተብሎ ሳይነበብ "ያለቀ" አይባልም፤ ሲነበብ የተቀዳው ድምፅም ከጽሑፉ ጋር ይያያዛል። አያትሽ መጻፍ አይጠበቅበትም። አንቺ በስልክሽ ቅጂው፤ ከመቅዳትሽ በፊት ግን ድምፁ ለሰው ሁሉ እንደሚሰማ በደንብ ንገሪውና መፍቀዱን ራሱ በድምፁ ይናገር። ስሙ እንዲጻፍ ከፈለገ ይጻፋል፤ ካልፈለገ "የጣና ዳር ታንኳ ሠሪ" ይባላል። በቅጂው ላይ የትኛው ደቂቃ ስለ ምን እንደሆነ መጻፉ የአንቺ ድርሻ ነው፤ ማኅበሩ ያግዝሻል።

ጥያቄ፦ ሁሉም ነገር ለሁሉም ይከፈት ማለታችሁ ነው? የገዳማት መጻሕፍትና የመድኃኒት ዕውቀትስ?

መልስ፦ አይደለም። "ሁለንተናዊ" ስንል ሁሉም ሰው የሚያዋጣበት ማለታችን እንጂ የማንንም ሣጥን መስበር ማለታችን አይደለም። የጣና ደሴቶች የብራና መጻሕፍት በፎቶ መቀዳት የጀመሩት ዛሬ አይደለም። ጀርመናዊው ኤርንስት ሐመርሽሚት በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በጣና ገዳማት የሚገኙ ብራናዎችን በማይክሮፊልም ቀድቷል፤ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ደግሞ በአገር አቀፍ ደረጃ የኢትዮጵያ ብራናዎችን በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ተካሂዶ፣ ቅጂዎቹ በአሜሪካ ሚኔሶታ በሚገኝ የብራና ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠዋል፤ ከእነዚያ ብዙዎቹን መርምረው ዝርዝራቸውን ያዘጋጁት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። ሥራው ታላቅ ነው። ሆኖም በቅርቡ የጎበኘኋቸው አንድ የገዳም አባት "መጽሐፋችን የት እንዳለ ከእኛ ይልቅ ፈረንጅ ያውቃል" ያሉኝን ቃል አልረሳውም።

ስለዚህ በእኛ ዘንድ መጽሐፉ መኖሩን፣ ምን እንደሆነና ማንን ማስፈቀድ እንደሚገባ የሚናገር ገጽ ይኖራል፤ ምስሉን መክፈት አለመክፈት ግን የገዳሙ ፈቃድ ነው፤ የሰጠውን ፈቃድ መልሶ መንሣትም ይችላል። ሴቶች የማይገቡባቸው እንደ ክብራን ገብርኤል ያሉ ገዳማትን በተመለከተ፣ ለሕዝብ ሊታይ የተፈቀደው ምስል ለሴትም ለወንድም እኩል ይታያል፤ ይህን ከአባቶች ጋር ተነጋግረን የተስማማንበት ነው። የመድኃኒት ዕውቀትን በተመለከተ ደግሞ የዕፅዋቱን ስምና መልክ እንመዘግባለን፤ አቀማመሙንና መጠኑን አንመዘግብም። ምክንያታችን ሁለት ነው፤ ያለ አዋቂው ሲወሰድ ሊጎዳ ይችላል፤ በዚያ ላይ የቤተሰብ ርስት ነው።

ጥያቄ፦ ኢንተርኔት ሲቋረጥስ? እኛ ክልል ይህ እንግዳ አይደለም።

መልስ፦ ለወራት የቆየ መቋረጥ ካየን ወዲህ ይህ ጥያቄ ከኋላ ወደ ፊት መጥቷል። ኪዊክስ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ዊኪፔዲያን ሙሉ በሙሉ በአንድ ፋይል ጠቅልሎ ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል። እኛም በየወሩ የማከማቻውን ቅጂ በዚሁ መልክ እናወጣለን፤ ድምፁና ፎቶው ሳይጨመር በተራ ፍላሽ ይገባል። ፍላሹ በትምህርት ቤቶችና በአንዳንድ ቀበሌዎች ቤተ መጻሕፍት ይዞራል። የሚያስቸግረው የተመለሰው እርማት ነው። ሁለት ትምህርት ቤቶች ያንኑ ዓረፍተ ነገር ለየብቻ አርመው ሲመልሱት ማሽኑ አንዱን አይመርጥም፤ ሁለቱንም ጎን ለጎን አድርጎ ለማኅበሩ ያቀርባል። ፍላሹን ይዞ የሚሄደውን ልጅ "ፖስታ ቤት" ብለን እንጠራዋለን፤ እሱም ወዶታል።

ጥያቄ፦ ገንዘቡ ከየት ነው? ነገ ለአንድ ሀብታም ብትሸጡትስ?

መልስ፦ ብንፈልግም መሸጥ የማንችልበትን መንገድ መርጠናል። ጽሑፎቻችን ዊኪፔዲያ በሚጠቀምበት ዓይነት የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ የተሰጡ ናቸው፤ ማንም ምንጩን እስከጠቀሰና ያሻሻለውን በዚያው ፈቃድ እስከሰጠ ድረስ ሁሉንም ቀድቶ ሌላ ማከማቻ መክፈት ይችላል። እኛ ብንበላሽ ሥራው አይበላሽም ማለት ነው። ይህ ጭንቀት አዲስ አይደለም። የቤልጂጉ ፖል ኦትሌ ከባልደረባው ከኦንሪ ላ ፎንቴን ጋር እ.ኤ.አ. በ1895 የዓለምን መጻሕፍት ሁሉ በካርድ ለመመዝገብ ተነሥቶ ከ12 ሚሊዮን በላይ ካርድ ሰበሰበ፤ ቤቱን የሰጠው መንግሥት ሲነሣው እ.ኤ.አ. በ1934 በሩ ተዘጋ። ጉግል ኖል የሚባል የዕውቀት መጻፊያ እ.ኤ.አ. በ2008 ከፍቶ በ2012 ዘግቶታል። የአንድ ሰጪ እጅ ላይ መንጠልጠል እንዲህ ያደርጋል።

የአገልጋይ ኮምፒውተሩ ኪራይ ከአባላት መዋጮ ይከፈላል፤ ወጪው በየሩብ ዓመቱ ይለጠፋል። ማስታወቂያ አንቀበልም። የሰው መጽሐፍ ገልብጦ ማስገባትንም አንፈቅድም፤ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው መብት በሕይወት ዘመኑና ካረፈም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል።

ጥያቄ (ከአንዲት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ)፦ ሴቶች በእንዲህ ዓይነት ቦታ ስንጽፍ የሚመጣብንን ስድብ ታውቃላችሁ? ምን አዘጋጅታችኋል?

መልስ፦ ስለዚህ የተዘጋጀንበት በቂ ነው አልልም። በዊኪፔዲያም ቢሆን ከሚጽፉት ውስጥ ወንዶቹ እጅግ እንደሚበዙ የታወቀ ነው፤ ስለ ሴቶች የሚጻፈውም በዚያው መጠን ያንሳል። እኛ ያደረግነው ይህ ነው። ማንም ለማንም በግል መልእክት መላክ አይችልም፤ ንግግሩ ሁሉ ከጽሑፉ ጋር በአደባባይ ነው፤ ስድብም በአደባባይ ሲሆን ይቀንሳል፣ ምስክርም አለው። ፎቶዎን ወይም ሕጋዊ ስምዎን አንጠይቅም፤ አንድ ብቻ የሆነና የማይለዋወጥ የብዕር ስም ይበቃል። በአንድ ገጽ ላይ ክርክሩ ሲግል ገጹ እስከ ማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ይዘጋል፤ ብዙው ሰው ጠዋት ሲነቃ የሚጽፈው ሌላ ነገር ነው። ስድብ የጻፈ ሰው ለሦስት ወር ይታገዳል፤ በዘር ወይም በሃይማኖት ላይ ያነጣጠረ ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 1185/2012 የሚያስጠይቅ መሆኑም በመግቢያው ላይ ተጽፏል። አንድ ነገር ግን አሁንም ይጎድለናል፦ ከሰባቱ አስተባባሪዎች ስድስቱ ወንዶች ነን። እርስዎ ሰባተኛዋን ቢያግዙልን ደስ ይለናል፤ ይህን የምለው ለወግ አይደለም።

ጥያቄ፦ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሁሉንም ቢጽፈውስ?

መልስ፦ ከተቀዳ ድምፅ ላይ ረቂቅ ጽሑፍ እንዲያወጣ እንጠቀምበታለን፤ በጎጃም አነጋገር ላይ ግን ብዙ ይሳሳታል፤ ሰው ያርመዋል፤ በማሽን የተረቀቀ መሆኑም ይጻፍበታል። ምንጭ ሊሆን ግን አይችልም፤ ደንገሉን ተጭኖ አያውቅም።

ጥያቄ (ከአንድ ዓሣ አስጋሪ፣ በሌላ ሰው እጅ የተጻፈ)፦ ስለ ቆሮሶና ስለ አምባዛ የማውቀውን ልናገር እችላለሁ። ግን መረብ የምጥልበትን ቦታ ሰው ሁሉ ካወቀው እኔ ምን እበላለሁ?

መልስ፦ ጌታዬ፣ ቦታውን አይንገሩን። የዓሣውን ስም፣ መልኩን፣ የሚወደውን ምግብና የሚመጣበትን ወቅት ይንገሩን፤ ቦታው ለእርስዎና ለልጆችዎ ይቅር። ሲናገሩ ሳያስቡት የቦታ ስም ቢያመልጥዎ፣ ቅጂው ከመውጣቱ በፊት አብረን ስለምናዳምጠው ያንን ክፍል እናስወጣዋለን። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እዚያው አዳራሽ እንገኛለን፤ ከባሕር ወጥተው የሚያርፉበት ሌላ ሰዓት የሚመችዎ ከሆነ ግን እኛ ወደ ዳርቻው እንወርዳለን።